መሬት የነካ ሩዝ

ኒሞል ልትፈታው የፈለገችው ችግር ቀኝ እጇ ነበር። እጇ ከእሷ ቀድሞ ይማታል።

ኒሞል በካምቦዲያ፣ ባታምባንግ ከተማ ዳር ባለው የጠዋት ገበያ በዓሣ መረቅ የሚበላ የሩዝ ኑድል ትሸጣለች። አንድ ጠዋት የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጇ ሮምዱል ሳህኗን ደፋችና ሩዙ መሬት ላይ ተበተነ። ኒሞል በእጇ የነበረውን የብረት ጭልፋ የልጅቷ ቅንድብ ላይ አሳረፈችው። ደሙ ሩዙ ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ ጎንበስ አለች፤ ግን ልጅቷን ልታነሳ አልነበረም። ሩዙን መልቀም ጀመረች።

የልጅቷ እናት ማሊስ ከምትሠራበት የፕኖም ፔን ልብስ ፋብሪካ በአውቶቡስ ደረሰች። የተሰፋውን ቅንድብ አየች።

"እኔንም እንዲሁ ነበር የምትቀጠቅጪኝ።"

"እጄ እኮ ነው፣ ልጄ..."

"እጅሽ የጎረቤት ነው እንዴ? ለሙታን በዓል እመለሳለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ካላደረግሽው ልጄን ይዣት እሄዳለሁ። ፋብሪካ በር ላይ ትደግ!"

ኒሞል ወደ ሰፈሩ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሄደች። እዚያ እማሆይ ሳሩን የሚባሉ፣ ፀጉራቸውን የተላጩ፣ የመነኮሳቱን ወጥ ቤት የሚያዙ አሮጊት አሉ። በጦርነቱ ልጆቻቸውን በሙሉ ቀብረዋል፤ ምላሳቸው ግን አልተቀበረም።

"እማሆይ፣ ጦርነቱ ካለቀ ስንት ዘመኑ ነው። እኔ ላይ ለምንድነው የማያልቀው?"

"ማጽናኛ ከሆነ የፈለግሽው የመነኮሳቱ አለቃ አባ ጋ ሂጂ፣ የእሳቸው ድምፅ ያምራል። መድኃኒት ከሆነ ቁጭ በይና ሽንኩርት ላጪ።"

ቡድሃ ስለ መከራ ያስተማረው ትምህርት አካሄዱ የሐኪም ነው። በሽታው መኖሩን ያምናል፤ መንስኤውን ይፈልጋል፤ የሚድን መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያ መድኃኒቱን ያዛል። ኒሞል ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ በዜማ ስትሰማው ኖራለች፤ ስለ ጭልፋዋ እንደሚናገር ግን አንድም ቀን አስባ አታውቅም። ደስ የሚለውም ይኼው ነው፤ እማሆይ እንድታምን አልጠየቋትም፣ እንድታይ ብቻ ነው።

"እጅሽ ከመነሳቱ በፊት ምን እንደሚመጣ አይተሽ ንገሪኝ" አሏት።

ኒሞል እንደ አዳኝ አደፈጠች። ሳህን በተንኳኳ ቁጥር ሥራዋን ትታ ራሷን ትሰልላለች። መጀመሪያ ጆሮዋ ይሰማል። ከዚያ ሆዷ እንደ ገመድ ይከራል። ቀጥሎ ሙቀት ማጅራቷን ይዞ ይወጣል። እጇ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሌባ የያዘች ይመስል ወደ እማሆይ እየሮጠች ሄደች።

"እማሆይ! በሆዴና በእጄ መካከል ክፍተት አለ!"

"ምን ያህል?"

"አንድ ትንፋሽ አይሞላም።"

"ሰፊ ነው፣ ሰው ቤት ይሠራበታል! በይ አሁን ሆድሽ ምን ይዞ እንደሚከር ንገሪኝ።"

ኒሞል ሽንኩርቱ አጠገብ ቁጭ አለች። ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻቸው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አገሩን የያዙት ጥቁር ለባሽ ታጣቂዎች ሕዝቡን ከየቤቱ አውጥተው ሩዝ ያሳጭዱት ነበር፤ ሩዙ ሁሉ ድርጅቱ ብለው የሚጠሩት የፓርቲያቸው ነው፣ አጫጁ ቀጭን ገንፎ ይጠጣል። ታናሽ ወንድሟ ቱች ያልተፈተገ ሩዝ በአንገት ልብሱ ጫፍ ቋጥሮ ተያዘ። ጓድ ሄን የሚባለው አለቃ ሰዉን ሰበሰበ። ልጁን አንበረከከው፤ በመቆፈሪያ እጀታ ማጅራቱን መታው። ቱች በግንባሩ ተደፋ፤ ግን አልሞተም፣ እግሩ አፈሩን ይጭር ነበር። ሄን ደገመው። አጥንቱ ሲሰበር ደረቅ ቀርከሃ የሚሰነጠቅ መሰለ። "የሚያለቅስ አለ?" ብሎ ጠየቀ። እናታቸው አለቀሰች። በፀጉሯ ጎትተው ከቦዩ ማዶ ወሰዷት፤ አልተመለሰችም። ኒሞል አላለቀሰችም። ሰዉ ሲበተን ከቋጠሮው የፈሰሰውን ሩዝ ከደሙ ውስጥ አንድ በአንድ ለቅማ፣ በጥርሷ ፈልፍላ በላችው።

እማሆይ የሽንኩርቱን ልጣጭ ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። ከዚያ "ጣፈጠሽ?" አሏት።

"ጣፈጠኝ።" ያኔ ነው ያለቀሰችው።

"እንግዲህ መንስኤው እሱ ነው። እጅሽ እስከ ዛሬ ያንን ሩዝ ጨብጧል። መሬት ላይ ሩዝ ባየ ቁጥር ሊነጥቁኝ ነው ብሎ ይማታል።"

ያዘዙላት መድኃኒት ግን አስደነገጣት። በሙታን በዓል ሁሉም ለየዘመዱ ቀን ቀን ምግብ ያቀርባል። ጎህ ሳይቀድ ደግሞ በሰሊጥ የታሸ የሩዝ እንክብል በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ጨለማው ውስጥ ይወረወራል። የሚወረወረው ግፋቸው ስለከበደ ብርሃን ለሚፈሩ፣ አስታዋሽ ለሌላቸው መናፍስት ነው። ወርዋሪው ማን እንደሚበላው መምረጥ አይችልም። ኒሞል ወርውራ አታውቅም፤ እማሆይ ያዘዙት እንድትወረውር ነው። ሄን ጦርነቱ ካለቀ በኋላ እዚያው ሰፈር ብስክሌት ሲጠግን ኖሮ፣ አምና ያለ ዘመድ ሞቷል።

"ሄን ይብላ? ሄን ከመሬት እየለቀመ?"

"አንቺ እንደለቀምሽው።"

"ይቅር አልለውም!"

"ይቅር በይው ማን አለሽ? እጅሽን ክፈቺ ነው ያልኩሽ። እሱ ያግኘው አያግኘው የእሱ ጣጣ ነው።"

በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን ጎህ ሳይቀድ ሄደች፤ እንክብሎቹን እንዳሉ ይዛ ተመለሰች። በሁለተኛው አንዱን መንገድ ላይ በላችው። ማሊስ መጥታ ይህን አየችና የሮምዱልን ልብስ ቦርሳ ውስጥ ከተተች።

ዛሬ የበዓሉ የመጨረሻ ጎህ ነው። ማሊስ ቦርሳውን ይዛ በሩ ጋ ቆማለች። ሰዉ በባዶ እግሩ ቤተ መቅደሱን እየዞረ ይወረውራል። ሮምዱል ሻማ ይዛ ከአያቷ ጎን ትሄዳለች፤ ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ በብርሃኑ ይታያል። የኒሞል ሆድ ከሯል፣ ሙቀቱም ማጅራቷ ላይ ደርሷል። ሩዙ በጣቶቿ መካከል እየተጨመቀ ይወጣል።

"አያቴ፣ እየጨመቅሽው እኮ ነው! መናፍስቱ ጭማቂ አላዘዙም።"

"ዝም በይ አንቺ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

አንድ እፍኝ የማትሞላ ፍርፋሪ መሬት ላይ ወደቀች። ኒሞል ጎንበስ ማለት ጀመረች፤ መሃል ላይ ቆመች። የጨበጠችውን እጇን ከፊቷ ዘረጋች። ትንሿን ጣት ከፈተች። አሁን ቀጣዩን እየሞከረች ነው።