የባሕር አረም ስኳር

ሴትዮዋ ኬሚስት ናት። ሰፈሩ ግን የሚያውቃት «አረሟ» በሚል ቅጽል ስም ነው፤ ማዕበል የሚተፋውን የባሕር አረም በጆንያ እያስለቀመች ከዓሣ ገበያው ጀርባ ወዳለው ወርክሾፗ ታስገባለች። እዚያ አረሙ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ጨዉን ይለቅቃል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ በውኃ ከቀጠነ አሲድ ጋር በተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ ይፈላል። በውስጡ ያለው ስኳር ሲፈርስ፣ እስከ ዛሬ ከነዳጅ ሲሠራ የኖረ የቀለምና የፕላስቲክ ግብዓት ይወጣዋል።

አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ነገሩ አልገባ ቢላቸው አንድ ቀን ጠየቋት።

«አሲዱ ምን ያደርግልሻል?»

«ካታሊስት ነው፣ እማማ። ሥራውን ያፋጥናል፣ ራሱ ግን አያልቅም።»

«እንደ ደላላ በይኛ!»

«ደላላስ ድርሻውን ይወስዳል። ይኼ እጁን አራግፎ ነው የሚወጣው።»

«እንዲህ ያለው ደላላ እኛ ሰፈር አልደረሰም» ብለው ሳቁ አሮጊቷ።

ችግሩ ጥድፊያዋ ነበር። ቶሎ እንዲደርስላት እሳቱን ታበዛለች፤ ስኳሩም አርሮ ሬንጅ የመሰለ ዝቃጭ ይሆናል። ባልደረባዋ፣ እሱም ኬሚስት፣ «ሙቀቱን ቀንሰን ረዘም ላለ ጊዜ እንተወው» ሲላት ኖሯል። እሷ ግን «ዝግታው» የሚል ስም አወጣችለት እንጂ አልሰማችውም።

አንድ ቀን ከሰዓት የጋኑን ክዳን የሚያሽገው ጎማ ሾለከና እንፋሎቱ ቀኝ እጇን ገሸለጠው። ቤት ዋለች። ባሏ ሸሚዟን ይቆልፍላታል፣ አማቷ በማንኪያ ያበሏታል። እሷ ደግሞ ሁለቱንም ትቆጣለች።

ባልደረባዋ በዚህ መሀል ክዳኑን ጠገነ፣ ሙቀቱን እንዳሰበው ዝቅ አደረገ፣ ሊጠይቃት ሲመጣም ብልቃጥ ይዞ መጣ። ፈሳሹ እንደ ቀጭን ሻይ ጥርት ያለ ነበር።

«ይኼ ከየት መጣ?»

«ከዚያው ከአረማችን ነው።»

«እኔ ሳልኖር?»

«አንቺማ ብትኖሪ መች ታስነኪኝ ነበር!»

ደስ አላላትም። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አቅንታ ብዙ አየችው፤ ቁጭ በል እንኳን ሳትለው ሸኘችው። እራት ላይ ግን ለባሏ «ልክ ነበረ» አለችው።

«ማን?»

«ማን ይሆናል? ዝግታው ነዋ!»

ወደ ሥራ የተመለሰች ዕለት የጋኑን እሳት ለእሱ አስረከበችው። ቆየት ብሎ አንድ የቀለም ፋብሪካ ናሙናውን ሞክሮ በበርሜል ማዘዝ ጀመረ፤ ሁለተኛ ጋንም ተተከለ። የተቃጠለው እጇ ሁለት ጣቶች ዛሬም በደንብ አይታጠፉም። እሷ አሁን የምትቆጣጠረው የአረሙን እጥበት ነው። ከባልደረባዋ ጋር መጨቃጨቃቸውን አልተዉም፤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማጠቢያው ውኃ።