የአንኮበር ተማሪዎች ነፍስ እናት

በገበያ መካከል ሳልፍ የፌጦ ሽታ ከመጣብኝ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ሰው ካለ ምን እንዳሳቀኝ ይጠይቀኛል፤ እኔም ነገሩ ረጅም ነው ብዬ አልፋለሁ። ዛሬ ግን ሳላሳጥር ላውጋችሁ። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ ፊደል በዜማ የቆጠራችሁ፣ የኔታ ባስነጠሱ ቁጥር የደነገጣችሁ ሁሉ አትስቱትም።

ያደግሁት አንኮበር ነው፤ ክፉ ቀን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት። ንጉሡ ወደ እንጦጦ ወጥተው ከተማው ረጭ ማለት ጀምሮ ነበር። አባቴ ብረት ሠሪ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ቤታችን ከከተማው ዝቅ ብሎ ከወንዙ አጠገብ ነበር፤ ከሩቅ የሚያስታውቀው የወናፉ ድምፅና የከሰሉ ሽታ ነው። ሰው ማረሻውንና ማጭዱን ከአባቴ ያሠራል፣ የእናቴን ማሰሮ ይገዛል፤ ቤታችን ገብቶ ውኃ ግን አይጠጣም። የብረት ሠሪ ዓይን ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው ይባል ነበርና። እኔ ይህን የተማርሁት ከፊደል በፊት ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን በር ማጠፊያ የሠራው አባቴ ስለነበር፣ የኔታ ክንፉን ልጄን ያስተምሩልኝ ብሎ ቢለምናቸው እሺ አሉት። የኔታ ደግ ሰው ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን እንደ ሐምሌ ነጎድጓድ ሳይታሰብ ይመጣል። ተማሪዎቹ ከጥዱ ሥር ዐጎዛ ዐጎዛቸውን አንጥፈው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሲቀመጡ፣ በእኔ ዐጎዛ ዙሪያ ሜዳ ይቀራል። ቆሎዬን ባካፍል የሚቀበለኝ የለም። እነሱ ሲበሉ ደግሞ ዓይኔ እንዳያርፍበት ምግባቸውን በጋቢያቸው ይከልሉታል። ቢመርረኝ ጊዜ መቅረት ጀመርሁ። ጠዋት ከቤት ወጥቼ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ሲጫወት ሳይ እውልና፣ ማታ እንደተማረ ልጅ ጉሮሮዬን እየጠራረግሁ እገባለሁ።

የኔታ ደረሱበት። አለንጋውን ስጠብቅ፣ በአገጫቸው ወደ ቅጥሩ ጥግ አመልክተው እማሆይ ጋ ሂድ አሉኝ።

እማሆይ አመተ ማርያም ከመመንኮሳቸው በፊት በትልቅ ቤት የወጥ ቤት አዛዥ እንደነበሩ ይወራ ነበር። አጭር፣ ወፈር ያሉ፣ ሲስቁ ቆባቸው ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሴት ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም። የኔታ ማስተማር እንጂ ማባበል አይሆንልኝም ይሉ ስለነበር፣ አለንጋ የማይፈታው ነገር ሲገጥማቸው ልጁን ወደ እማሆይ ጎጆ ይሰዳሉ። ከሰላ ድንጋይ መጥቶ የእናቱ ናፍቆት እንቅልፍ የነሳው፣ መደቡን አርጥቦ ያፈረ፣ ከጓደኛው ተጣልቶ ያኮረፈ፣ ሁሉም በዚያች ጎጆ ያልፋል። ሴት ነፍስ አባት አትሆንምና እኛ ነፍስ እናታችን እንላቸው ነበር። ሲሰሙ ይቆጡ መስለው ይስቃሉ።

ልጅ ሲመጣላቸው ምን ሆንህ አይሉም። የፈተሉትን ክር በሁለት እጁ ላይ ያጠልቁለትና ማጠንጠን ይጀምራሉ። እጅ ሲታሰር አፍ ይፈታል ነበር አባባላቸው። እኔንም እንደዚያው አደረጉኝ። ስለ ተማሪዎቹ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከአባትህ ሥራ የቱን ትወዳለህ አሉኝ። ወናፍ መንፋት አልኋቸው። እንዴት ነው የሚጮኸው አሉ። በአፌ አሰማኋቸው። እሳቸውም በዚያው ምት ሀ ሁ ሂ ማለት ጀመሩ፤ እኔ እንደ ወናፍ እየነፋሁ፣ እሳቸው እንደ ተማሪ እየጮኹ፣ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ልቃቂቱ ሳያልቅ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ነግሬያቸው ነበር። የነገርኋቸውን ለየኔታም ለአባቴም አልተናገሩም። እኔ ግን በማግስቱ ትምህርቴን ቀጠልሁ፤ ማታ ማታም ከአባቴ ጋር ወናፍ እየነፋሁ ፊደሌን አዜማለሁ። በበጋው አጋማሽ ዳዊት ጀመርሁ።

የባላምባራስ ልጅ አጥናፉ የታመመው ያን ጊዜ ነው። አጥናፉ ከሁላችን ወፍራም፣ ከሁላችን ሳቂታ ልጅ ነበር። ለንግሥ በዓል ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ዐጎዛው ላይ እንደተቀመጠ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ወደ ደጀ ሰላሙ ተሸክመው አስገቡት። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ጠዋት ሲበላ ተሰማ አይቶታል አለ። ተሰማ እኔ ነኝ። አየሁት አላየሁት አላውቅም፤ ዓይን ያለው ሰው ያያል።

ወሬው ከእኔ እግር ፈጥኖ ከተማውን ዞረ። የአጥናፉ እናት ወይዘሮ ድንቅነሽ ነጠላቸው እየተጎተተ ደረሱ፤ ባላቸው ከንጉሡ ጋር ዘመቻ ላይ ነበሩ፤ ያላቸውም ይኸው አንድ ልጅ ነው። ሰዎች ጨርቅ አጭሰው አፍንጫው ሥር ያዙ፤ ማን እንደበላው ተናገር እያሉ ይጮኹበታል። ሌሎቹ እኔን ከበቡኝ። እንትፍ ይበልበት፣ ይለቀዋል አሉ። አባቴ በቆዳ ሽርጡ፣ ፊቱ ጥላሸት እንደለበሰ እየሮጠ መጣ፤ ግን ከቅጥሩ በር ላይ ቆመ። ከተፋሁ በላሁ ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርት የለም፤ አባቴም በአንኮበር ማረሻ የሚያሠራው አያገኝም። ካልተፋሁ ደግሞ ልጁ ቢሞት ምን እንደሚከተል ያባቴ ፊት ይናገር ነበር።

እማሆይ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ገቡ። ጭሱን አስወጡልኝ፣ እናንተም ውጡልኝ አሉ። ወይዘሮ ድንቅነሽን እንኳ አላስቀሩም። በሩን ዘግተው ከአጥናፉ ጋር ብቻቸውን ቆዩ። እኛ ውጭ ሆነን የምንሰማው የልጁን ማቃሰትና የእሳቸውን ዝግ ያለ ድምፅ ብቻ ነው። ሲወጡ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ ሐዘን መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ እንደነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

ልጁን ሰው አልበላውም አሉ። ወይዘሮ ድንቅነሽ ታዲያ ምን በላው ብለው ጠየቁ። እማሆይም፣ ልጁ ነግሮኛል፣ ግን ለእኔ ነው የነገረኝ አሉ። ሰዉ አጉረመረመ። ወይዘሮዋ እንባቸውን እየጠረጉ፣ እኔ እናቱ ነኝ፣ ከእኔ የሚደበቅ ምን አለ አሉ። እማሆይ እጃቸውን ያዙና የመለሱላቸውን እስካሁን አልረሳውም።

«እመቤቴ፣ ዛሬ የዚህን ልጅ ምስጢር ባወጣ፣ ነገ ሌላው ልጅ ምን አምኖ ይነግረኛል? ሲሻለው እሱ ራሱ ይነግርዎታል። ተሰማ ግን አይተፋም። ያልሠራውን አይቀበልም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ከጎጆዬ ፌጦ አምጥተህ ውቀጥ አሉኝ። ወቅጬ በውኃ በጠበጥሁት። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ይህን የምታጠጣው አንተ ነህ ሲሉኝ፣ ወይዘሮ ድንቅነሽ ከእሱ እጅ አይሆንም አሉ። እማሆይ ጽዋውን ተቀብለው በወይዘሮዋ ፊት ተጎነጩ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን ሳይስሉ መለሱልኝ። ወይዘሮዋ ከበሩ ዞር አሉልኝ። ገባሁና የአጥናፉን ራስ ደግፌ አጠጣሁት። ፈርቶ ይመልስብኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ እስከ አተላው ጠጣው።

ብዙም አልቆየ። አጥናፉ ተነሥቶ ቁጭ አለ፣ አፉን ያዘ፣ ወደ በሩ ሮጠና በተሰበሰበው ሰው ፊት አስታወከው። ሽታው ቅጥሩን ሞላው። የብቅልና የጌሾ ሽታ ነበር። ደጀ ሰላሙን የሚጠብቁት አባ ገብሬ ቀረብ ብለው አዩ፣ አሸተቱም። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ለንግሡ የተጠነሰሰውን የጠላ ጋን ገልጠው ተመለከቱ። ሲወጡ የእኛ ድፍድፍ ነው፣ ጋኑ ተጋምሷል አሉ፤ ድምፃቸው እንደ መርዶ ነጋሪ ነበር።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። የኔታ ይመስሉኛል፤ የኔታ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። አጥናፉ ሆዱ ቀለል ሲለው፣ ማታ ማታ እየገባ በእፍኙ ሲበላ እንደሰነበተ ለእናቱ በራሱ አፍ ተናገረ። እማሆይም በሰዉ መካከል ቆመው እኔ ምስጢሩን አላወጣሁም አሉ።

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል አልሰማችሁም?»

አባቴ ከበሩ ላይ ሆኖ ሲስቅ ሰማሁት፤ ከሳቁ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበረበት፤ ሽርጡን አንሥቶ ፊቱን ጠረገ።

ዓለም በአንድ ቀን አልተለወጠም። ከእኔ ዐጎዛ የሚርቁ ልጆች ከዚያ በኋላም ነበሩ። አጥናፉ ግን በማግስቱ ዐጎዛውን አምጥቶ ከጎኔ አነጠፈ። ለቅጣቱ ለአዲሱ ጥንስስ ውኃ ሲያመላልስ እኔም እንስራ ያዝሁለት፤ እሱም በተራው ወናፍ ልንፋ እያለ ቤታችን መመላለስ ጀመረ፤ ማታ ጥላሸት ተቀብቶ ይሄዳል። ከንግሡ በኋላ ወይዘሮ ድንቅነሽ ራሳቸው ማጭድ ሊያሠሩ ወረዱ። ፊት ለእንዲህ ያለው ሥራ አሽከር ይልኩ ነበር። አባቴ ማጭዱን ስሎ ጨረሰ። ወይዘሮዋ ግን አልሄዱም። ጥቂት ቆመው ውኃ ጠምቶኛል አሉ። እናቴ ከሠራቻቸው ሁሉ የምትሳሳለትን ዋንጫ ፈልጋ እስክታገኝ ቤቱን አመሰችው። ወይዘሮ ድንቅነሽ ደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው ጠጡ፤ ደግሞም ጨመሩ።

እማሆይ ክፉ ቀን ሳይመጣ ዐረፉ፤ ማየት የማይገባቸውን አላዩም። ተማሪው ሁሉ ተሸክሞ ቀበራቸው።

አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እኔም እንደ አባቴ ብረት ስሠራ ኖሬ፣ ዛሬ መዶሻ ማንሣት ትቻለሁ። ከጠላት ወረራ በኋላ እዚህ በተከፈተው ትምህርት ቤት የልጅ ልጆቼ ይማራሉ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ደወሉ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። የብረት ሠሪ ልጅና የባላባት ልጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ይህን ሳይ አባቴ ቢያየው እላለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ሽማግሌዎች ተጠርተን ትምህርት ቤቱ ምን ይጎድለዋል ተባልን። አንዱ አጥር፣ አንዱ የውኃ ጉድጓድ አለ። እኔ የልጆቹን ነገር የሚሰማ ሰው አልሁ። አስተዳዳሪው ትሑት ወጣት ነው፤ አስተማሪ ሁሉ ፋታ እንደሌለው ነገረኝና፣ ፈገግ ብሎ ታዲያ እርስዎ ለምን አይመጡም አለኝ። ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ሄድሁ።

በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ልጆቹ ዘበኛ መስያቸው ነበር። የእማሆይ ሳቅ የለኝም፣ ክር ማጠንጠንም አልችል፤ መቀመጥ ግን እችላለሁ። በቀደም አንዲት ልጅ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ጉንጯ ላይ እንባ ደርቋል። ምን ሆንሽ አላልኋትም፤ አብረን ተቀመጥን። ቸርኬው ሲደወል ተነሣችና ቀሚሷን አራገፈች።

«አባባ፣ ነገም ይመጣሉ?»

እመጣለሁ አልኋት። ነገ ቅዳሜ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ቃል ነውና ጠዋት ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ትምህርት ቤቱ ጭር ብሏል፣ በሩም ተዘግቷል። ድንጋዩ ላይ ግን ቀድማኝ ተቀምጣ ነበር።