ውሃ ጠይቀን ኖራ መጣልን

ትእዛዙ የደረሰን አመሻሽ ላይ ነበር። የሠራዊቱ የምሥረታ በዓል ሊከበር ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጋንታችን ሰሜን ግንባር፣ አንድ ራሰ በራ ኮረብታ ላይ ከመሸገ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሠላሳ አንድ ነን። እኔ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፤ ስንቅና ዕቃ ማከፋፈልም የኔ ሥራ ነበር።

በሬዲዮ የጠየቅነው ውሃ ነው። አራት ጀሪካን ብቻ ቀርቶናል። ሲመሽ መኪናው መጣ። ሸራውን ገለጥን። ስድስት ጆንያ ኖራ። ውሃ የለም።

«ያ ረቢ! ቤት ልንቀባ ነው እንዴ?» አለ ቶሎሳ። ቶሎሳ የአርሲ ነገሌ ልጅ፣ መትረየስ ተኳሻችን ነው። ሲናደድ ይስቃል።

ሾፌሩ ወረቀት ሰጠኝ። በኮረብታው ጎን ላይ በድንጋይ «እንኳን አደረሳችሁ» ተብሎ ይጻፍ፣ ድንጋዩ ነጭ ይቀባ፣ እንግዶች በታች ባለው መንገድ ሲያልፉ በግልጽ ይታይ ይላል።

የጋንታው መሪ መቶ አለቃ ታደሰ ሬዲዮውን አነሳ። አጠገቡ ቆሜ ሰማሁ።

«ከፊታችን ያለው ኮረብታ ከኛ ከፍ ይላል። ለእንግዶቹ የሚታየው ለጠላትም ይታያል» አለ።

«በዓሉ የሀገር በዓል ነው፣ መቶ አለቃ» አሉት።

«ውሃውስ?»

«ከበዓሉ በኋላ ይላካል።»

ኖራ ደግሞ ያለ ውሃ አይበጠበጥም። አንድ ጀሪካን ይበቃል ብዬ ጀመርኩ፤ ሦስት ፈጀ።

በማግስቱ ተዋጊው ሁሉ ድንጋይ ተሸካሚ ሆነ። የመልካሳው ከድር እጅ ጽሑፉ ስለሚያምር ፊደሉን የሚያሰምረው እሱ ነበር። «የ‹ሳ› እግር ተንጋዷል፣ አንሱት!» እያለ ደጋግሞ ያስነሳናል። እየተሳደብን እናነሳለን። ቀኑን ሙሉ ከማዶ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ያ ዝምታ አልጣመኝም።

የበዓሉ ዕለት አንድ ሰዓት ላይ፣ ለእንግዶቹ ተሰልፈን እንድንጠብቅ ታዘዝን። ግማሾቻችን ከምሽግ ወጥተን ከጽሑፉ በላይ ቆምን። አንድ ሰዓት ከሃያ ሲል የመጀመሪያው መድፍ ከጽሑፉ በታች ወደቀ። ሁለተኛው ከበላያችን። «ወደ ምሽግ!» ብሎ መቶ አለቃው ጮኸ። ሦስተኛው መሐላችን አረፈ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አልቆጠርንም። ጭሱና የኖራው አቧራ ተቀላቅሎ ማን ማን እንደሆነ አይለይም።

ቶሎሳ ምሽጉ አፍ ደርሶ ነበር። ከድርን ወድቆ ሲያየው ተመለሰ። በብብቱ ይዞ ጎትቶ አምጥቶ ለኛ አቀበለን። እሱ ራሱ ሊገባ ሲል ፍንጣሪ አንገቱን መታው። እዚያው ሞተ።

ከድር ደረቱ ላይ ቆስሏል። «ሃምሳ አለቃ፣ ትንሽ ውሃ» አለኝ። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አነቀነቅኩ፤ የተረፈችውም አንዷ ሌሊቱን አልቃለች። «ይመጣል» አልኩት። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አረፈ።

አራት ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተናግሮ ነበር፦ «እንግዶቹ በሌላ መንገድ ሄደዋል። ሰልፉን መበተን ትችላላችሁ።» መቶ አለቃው መነጋገሪያውን አስቀመጠና «ተበትነናል» አለ። ከሰዓት በኋላ በደረታችን እየተሳብን ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ገለበጥናቸው።

ዘንድሮ እዚህ አዳማ ውስጥ፣ ከበዓሉ ኮሚቴ የተላከች አንዲት ወጣት ቤቴ መጣች። «ጋሼ፣ መድረክ ላይ ሦስት ደቂቃ አለዎት። ምን ይነግሩናል?» አለችኝ። ይህንኑ ነገርኳት። ደብተሯን ቀስ ብላ ዘጋች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለበዓል አይሆንም። ያሸነፋችሁበትን ቢነግሩን?»

«ልጄ፣ እኔ የነበርኩት እዚያ ነው» አልኳት። ሌላ ተናጋሪ ፈለጉ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ቲሸርቱ ታደለ፣ ድምፅ ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ጆሯችንን በጠሰው። ተናድጄ ሚኒባስ ተሳፈርኩና አርሲ ነገሌ ወረድኩ።

የቶሎሳን እህት አጠያይቄ እህል ተራ አገኘኋት፤ ጤፍ ትነግዳለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ሚዛኑን ለጎረቤቷ ትታ ወደ ጥላው ይዛኝ ሄደች።

«የመጣልን ወረቀት ‹በግዳጅ ላይ እያለ› ይላል። ምን ግዳጅ ነበር?» አለችኝ።

ኖራውንም፣ ውሃውንም፣ ሁሉንም ነገርኳት። የኔንም ጥፋት አልደበቅኩም።

«የተመለሰለት ልጅ ተረፈ?»

«አልተረፈም።»

«እሺ፣ የሌሎቹን ስም ንገረኝ።»

በዚያ ጠዋት አራት ሰው ሞተብን። ቶሎሳ፣ ከድር፣ የሞጆው አበራ፣ እንዲሁም ወደ ግንባር ከመጣ አሥር ቀን ያልሞላው ደሳለኝ። ስማቸውን አንድ በአንድ እየተከተለችኝ አለችው። በዓል ማክበር አልጠላም፤ የተመሠረተ ነገር ቀኑ ይታሰባል። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ስንሰለፍ፣ እነዚህን አራት ስሞች ሰው ጮክ ብሎ ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን፣ እህል ተራ ውስጥ ነው።