ባሻ አለነ ያልሰጡት ጠመንጃ

ባሻ አለነ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ሲሞቱ፣ የመተማ ዙሪያ ሰው ለቅሶ የወጣው ሬሳቸውን ለመቅበር ብቻ አልነበረም፤ ጠመንጃቸውንም ሊያይ ነው። አርበኛ ሲሞት ጠመንጃው ከሬሳው ፊት ካልወጣ እንደ ባዳ ተቀበረ ይባላል። ጠመንጃው ግን የለም። አለመኖሩን የምታውቀው ሚስታቸው ባየሽ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሬሳውን በንዴት ታየው ነበር።

ባሻ ከሰው ተስማምተው አያውቁም። ጣሊያንን ቋራ በረሃ አምስት ዓመት ተዋጉት፤ ጠመንጃውንም የማረኩት ያኔ ነው። ከዚያ ቆላ ወርደው ጫካ መንጥረው ሰሊጥ ዘሩ፣ ስድስት ልጅ አሳደጉ። የመጨረሻው ልጅ ይርዳው በወባ ሲነድ በጀርባቸው አዝለው ሸሕዲ ከተማ ሐኪም ቤት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። መንገዱን ሙሉ ግን ሲቆጡት ነው የሄዱት፦ «አርፈህ ዳን! ብትሞት ሰሊጡን ማን ያጭድልኛል?»

በሰባ ዓመተ ምሕረት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደሞዝ ታጣቂ አስከትሎ ከእርሻቸው መጣ።

«ባሻ፣ መሣሪያውን ያስረክቡ።»

«ጣሊያን ለምኖ ያጣውን ላንተ? ሂድ ወዲያ! እናትህን ለአባትህ የዳርኳት እኔ ነኝ፤ አሁን ጸጸተኝ።»

ደሞዝ አልመታቸውም። ወደ ሰሊጡ ዞረ። ነዶው እርስ በእርሱ ተደግፎ ቆሟል፣ ደርቆ አፉን ከፍቷል፣ ሸራ ላይ ተገልብጦ እስኪራገፍ ይጠብቃል።

«ገልብጡት!» አለ።

ታጣቂዎቹ ነዶውን ባዶ መሬት ላይ ገለበጡት። ፍሬው እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ የተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ዋጠው።

«ይስጡት!» ባየሽ ጮኸች። «ልጆቹ ምን ይበላሉ? ይስጡት!»

ባሻ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በበትራቸው ጠቆሙ። «ያንን በደንብ አላራገፍከውም፣ ድገመው» አሉ።

የዓመቱ ሰሊጥ በአንድ ጠዋት አለቀ። በማግስቱ ባሻ ሸሕዲ ሲወርዱ፣ ባየሽ ጠመንጃውን ከተደበቀበት ከማሽላው ጉድጓድ አወጣችና ጓንግ ወንዝ ጥልቁ ላይ ወረወረችው። ሲመለሱም ነገረቻቸው። በትራቸውን አነሱ፤ ከዚያ ቀስ ብለው አወረዱት።

«ለማንም እንዳትናገሪ። እንደያዝኩት ይወቁ።»

ከዚያ ወዲህ ለሰባት ዓመት «ጨው አነሰው» ከማለት በቀር አላናገሯትም። ደሞዝም ያንን ጠመንጃ ፈርቶ ለሰባት ዓመት በደጃቸው አላለፈም፤ በወንዙ በኩል ዞሮ ይሄድ ነበር።

አሁን ግን፣ በቀብሩ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሟል። አልቃሿ ካሰች ደረቷን እየደቃች «የታለ ጠመንጃው? የታለ የአለነ ጠመንጃ?» ስትል ወደ ባየሽ ጠጋ አለ።

«እትዬ ባየሽ፣ ያውጡት። ካላወጡት ይርዳው ነገ ለብሔራዊ ውትድርና ይሄዳል።»

ባየሽ ልጇን አየችው። «ወንዝ ጥዬዋለሁ» ብትል ነገሩ ያበቃል። ባሻም «ሚስቱ ጠመንጃውን የጣለችበት ሰውዬ» ተብለው ይቀበራሉ፤ ደሞዝም ዛሬውኑ በደጇ ያልፋል። ያን ጠዋት አፈሩ ሰሊጡን ሲውጥ የነበረው ድምፅ ግን ከጆሮዋ አልወጣም። ከሬሳው አጠገብ የተቀመጠውን የባሻን ባዶ ዝናር አንገቷ ላይ አጠለቀችና ተነሣች።

«አለ» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ካንተ እጅ አይገባም እንጂ አለ። ተኳሹም አልሞተም።»

«ማነው? የት ነው?»

«ልጄን ንካውና ከየት እንደሚመጣ ታየዋለህ።»

ደሞዝ ይርዳውን አየ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እጃቸውን ሸሽገው የቆሙትን ወንዶች አየ። ታጣቂዎቹ ቀድመውት አፈግፍገው ነበር። ፊቱን አዙሮ በወንዙ በኩል ሄደ።

ወንዶቹ ሬሳውን ሊያነሡ ቀረቡ። ባየሽ ሬሳው ወደተጠቀለለበት ሰሌን ጎንበስ አለች።

«ይኼን አድርጌልዎታለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የሰሊጤን ነገር ግን ይቅር አላልኩዎትም።»