የጋሼ ግርማ ጆሮ

ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰዎች ለማንም ያልነገሩትን እንዲነግሩኝ በማድረግ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ። መቅረጫዬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዝም እላለሁ፤ ዝምታው ሲከብዳቸው ይናገራሉ። የኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ከአፌ አላወጣሁትም። ባለቤቴ አታውቅም። የንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህችን ዘልያት ተመልሻለሁ፤ ያውም ደጋግሜ። ዛሬ ለእርስዎ፣ ለማላውቅዎ አንባቢ፣ እናገራለሁ። እንደ ልማዴ ፍሬ ነገሩን ላስቀድም፦ ዓይኑ የጠፋ ወንድሜ በጆሮው ልክ የሰማውን ነገር፣ እኔ የለም አልኩት። እሱም አመነኝ።

ጋሼ ግርማ ታላቄ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። አየር ጤና ላይ ከጓደኛው ከሙላት ጋር ጋራዥ አለው። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ቀስ እያለ ብርሃኑን ሲወስድበት፣ ሁላችንም ጋራዡን ይሸጣል ብለን ነበር። አልሸጠም። በጆሮው መሥራት ጀመረ። መኪና ይገባል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ሙላት "ዶክተር፣ ታካሚ መጥቷል" ብሎ ይጣራል። ጋሼ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና "ካንዴላ ነው" ወይም "ቺንጋዋ ላልታለች" ይላል። ይሳሳታልም። የተሳሳተ ቀን ሙላት መቀመጫ ያሳጣዋል። "ዶክተር፣ ጨጓራ ነው ያልከው ሰውዬ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ" ይለዋል። ከማንም በላይ የሚስቀው ራሱ ጋሼ ነው።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት እምብዛም ያልራቀች የስፖርት መኪና ናት። ከአገር የሚወጣ አንድ ፈረንጅ ሞተሯ ከሞተ በኋላ ጋራዡ ጥሏት ሄደ፤ ጋሼ ዓይኑ ሳይጠፋ በገዛ እጁ ፈትቶ ገጥሞ አስነሳት። ሞተሯ አየር የሚስበው በራሱ ነው። አንዳንድ ሞተሮች አየር በግድ የሚያጎርሳቸው መሣሪያ አላቸው። በጭሱ ግፊት የሚዞረውን ሁላችንም ተርቦ እንለዋለን፤ ከሞተሩ ጋር በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ ተያይዞ የሚዞረው ደግሞ ሱፐርቻርጀር ይባላል። የሁለቱም ሥራ ሞተሩ ውስጥ እፍ ማለት ነው፤ ጉልበት ይጨምራል። ጋሼ ሁለቱንም አይወድም። "ስሙ ራሱ ተርቦ ነው" ይል ነበር። "የኔዋ ጠግባ ነው የምትሄደው።"

መንዳት ሲያቅተው ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን በራሱ ጣቶች አጠፋቸውና "አደራ" አለ። "በራሷ ትንፋሽ ትሂድ። እፍ የሚልባት ሰው አልፈልግም።"

ከዚያ ወዲህ የሞተሯን ክዳን፣ ኮፈኗን፣ ከፍቶ አያውቅም። ቢከፍት ኖሮ፣ ጣቶቹ ያን ሞተር ከኔ ፊት በላይ ያውቁታል። ግን እኛ ቤት አደራ የሰጠ ሰው አይፈትሽም። ሰጥቶ መፈተሽ ነውር ነው፤ ሰጪውን ነው የሚያሳፍረው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ኃጢአቴ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከቤቱ አነሳዋለሁ። በአስኮ አድርገን ወደ ቡራዩ እንወጣለን። ከመነሳታችን በፊት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ በሳምንቱ የጻፍኩትን አነብለታለሁ። "እሷ ከጀመረች አንተን አልሰማህም" ይለኛል። አንዳንዴ ያቋርጠኛል። "ያቺ ዓረፍተ ነገር ተንኳኳች፤ ብሎኗን አጥብቅ።" ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነሳለሁ፤ እሱም ራሱን መቀመጫው ላይ ጥሎ ዓይኖቹን ይጨፍናል። የማያይ ሰው ለምን ዓይኑን እንደሚጨፍን ጠይቄው አላውቅም።

አንድ እሁድ ዳገቱ ላይ ጢም ብሎ የሞላ ሚኒባስ ታክሲ አለፈን። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ "ፋዘር፣ እንጎትታችሁ?" አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። ጋሼም ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ "አዋሽ ወስጃት ነበር፤ ያኔ ዓይኔ ደህና ሳለ" አለ። "ቆላው አየር ወፍራም ነው። ነዳጅ ስሰጣት ወንበሩ ላይ ለጠፈችኝ። እዚህ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ምን ታድርግ። እንደዚያ አንድ ጊዜ ብትጎትተኝ ደስ ባለኝ።"

ለእሱ ብዬ ነው ያደረግኩት ብዬ እዚህ ላይ ባቆም ይቀለኛል። እውነትም ለእሱ ብዬ ነው። ግን የረዳቱ ቀልድስ? ያ ሳቅ ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ አልነበረም? ያን ሚኒባስ እንደገና ባገኘው ብዬ አልተመኘሁም? ተመኝቻለሁ። ሌላ ሰው ስለራሱ የግማሹን ብቻ ቢነግረኝ አላትምለትም ነበር።

ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር አንድ ባለሙያ አገኘሁ። ከተጋጨች መኪና የተፈታ ሱፐርቻርጀር ነበረው። ገጠመልኝ። ሥራው ንጹሕ ነው፤ በእሱ በኩል እንከን አልነበረም። ከመጀመሩ በፊት "ባለቤቷ ያውቃል?" ብሎ ጠየቀኝ። "ባለቤቷ እኔ ነኝ" አልኩት። ውሸቴ ከዚህ ይጀምራል።

እሁድ ጋሼን ከቤቱ አነሳሁት። ዕቅድ ነበረኝ፦ መጀመሪያ ደስ ይበለው፣ ከዚያ እነግረዋለሁ፣ ይቆጣል፣ ከዚያ ይስቃል። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ነዳጅ ሰጠኋት። መኪናዋ ተወረወረች። ጋሼ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ፣ እጁ ጉልበቴን ያዘ፣ ሳቀ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። "አዋሽ ነው" አለኝ፤ "አዋሽ እኮ ነው የወሰድከኝ።"

ከዚያ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

"ይሄ ሲር የሚለው ምንድነው?"

ሱፐርቻርጀር ድምፅ አለው፤ ከሞተሩ ድምፅ በላይ የሚሄድ ቀጭን ፉጨት። እኔም እሰማው ነበር። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁት፤ ሳቁ ገና አልወረደም። እንዲወርድ አልፈለግኩም።

"የቱ?" አልኩት።

በቃ፣ ይቺው ናት። ሥራዬ መጠየቅ ነው፤ ውሸቴም ጥያቄ ሆና ወጣች።

"ቀጭን፣ ላይ ላዩን የሚሄድ። አትሰማም?"

"እኔ ምንም አልሰማም ጋሼ። ካንዴላዎቹን ቀይሬ ማጣሪያዋን አጽድቼላት ነው እንዲህ የቀለላት።"

በሚቀጥለው እሁድ እንደገና ጠየቀ። አሁን ድምፁ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። "አንድ ነገር አስገጥመህባት ነው?"

ከሁሉ የከፋው ያን ጊዜ ያልኩት ነው። "ኮፈኑን ልክፈትልህ ጋሼ፤ በእጅህ ዳስሰው" አልኩት።

እንደማይዳስስ አውቅ ነበር። ስለማውቅ ነው ያልኩት።

"ተው እንጂ" አለ ተሸማቆ። "አደራ ብዬህ ልፈትሽህ? ይቅር በለኝ።"

ይቅር በለኝ አለኝ፤ እሱ፣ እኔን።

ጆሮውን በጣቱ ነካ አድርጎ "እንግዲያው ጆሮዬ ነው" አለ። "ሞተሩ ሲጠፋ ይጠፋል፤ ሲነሳ ይመጣል። ጫጫታ ሲኖር የሚያፏጭ የጆሮ በሽታ አለ ይባላል።" እንደ ባለሙያ አስቦ፣ ሁሉንም አጣርቶ፣ አንድ ነገር ብቻ ሳያጣራ ቀረ፤ እኔን።

ጥፋቱ ጋራዥ እስኪገባ ብዙ አልቆየም። ሙላት ስልክ ደወለልኝ። "ወንድምህ ዛሬ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'አንተ ስማው' አለኝ። እኔን! ጥሩንባና የአህያ ጩኸት የማልለየውን ሰውዬ።" ሊያስቀኝ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ጋሼ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ሞተር ውስጥ ያን ፉጨት ይፈልግ ጀመር። ከሌለ "አለ፣ እኔ ነኝ የማልሰማው" ይላል፤ ያለ ከመሰለው "የኔው ጆሮ ነው" ይላል። ጋራዥ መሄዱን ተወ። ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ የልጅ ልጆቹ ሲያወሩት ደጋግሞ "ምን አልክ?" ይል ነበር፤ የሚሰማውን ሁሉ ሁለቴ ካልተባለ አያምንም። ዓይኑ ሲጠፋ ያላጎነበሰ ሰው፣ እኔ በተናገርኳት አንዲት ቃል አጎነበሰ።

ያኔ ለምን አልነገርኩትም? አላውቅም ብል ይዋጥልኛል? አውቃለሁ። በየቀኑ መናገሩ ይበልጥ ከባድ ሆነ፤ እኔም በየቀኑ ይበልጥ ፈሪ ሆንኩ።

ጠበል ልሂድ አለ። እኔው በዚያችው መኪና ወሰድኩት። እስክንደርስ ድረስ ፉጨቱ አብሮን ሄደ፤ እሱም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልይ ነበር። ተራ ስንጠብቅ እጁን ይዤዋለሁ። አጥማቂው ካህን "ምንህን ነው?" ሲሉት "ጆሮዬን አባ" አላቸው። ውሃው ሲወርድበት አልጮኸም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ተንቀጠቀጥኩ። አንዲት እናት ብርድ መስሏቸው ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

እሱ ለሱባኤ እዚያው ቀረ። እኔ በቀጥታ ወደ ዓለም ባንክ ነድቼ መሣሪያውን አስፈታሁ። ባለሙያው "ምነው፣ አልተስማማችህም?" አለኝ። ሒሳቡን ከፍዬ ቁልፉን ተቀበልኩት።

ሱባኤውን ጨርሶ ሲወጣ ላመጣው ሄድኩ። ነጭ ለብሷል፣ ከስቷል። ሞተሩን አስነሳሁ። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ አዳመጠ። የምታሰማው የድሮ ድምፅዋን ብቻ ነበር። የመመለሻውን ዳገት እንደ ልማዷ እያቃሰተች ወጣች። ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም፣ ሁሉም አለፈን።

"የለም" አለ ጋሼ። "ጠፍቷል።" እንባው እስከ አገጩ ወረደ። "አንተም አልሰማህም አይደል?"

"አልሰማሁም ጋሼ።" ያ ብቻ እውነት ነበር፤ ለማታለልም ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ እሱ ነው።

በጠበሉ አልቀለድኩም፤ አልቀልድምም። ሰዎች እዚያ ሲድኑ አይቻለሁ። እኔ የሠራሁት ግን ወደ እግዚአብሔር የሚሄደውን የወንድሜን ምስጋና መንገድ ላይ ቆሞ መቀበል ነው። ስለት ተስሎ ነበር። በየዓመቱ በጠበሉ ደብር የንግሥ ዕለት ጃንጥላ ያስገባል። ክንዱን ይዤ በሕዝቡ መካከል የማሳልፈው እኔ ነኝ፤ ጃንጥላውን የምሸከመው እኔ ነኝ። ሴቶች እልል ሲሉ አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ታዲያ ምን ጎደለ? ሰውየው ወደ ጋራዡ ተመለሰ፣ መኪናዋም በራሷ ትንፋሽ ትሄዳለች። ለዓመታት ራሴን ያስተኛሁት በዚህ ነው። ያለፈው ሳምንት ግን ጋራዡ ጎራ ብዬ ነበር። አንድ ሰው የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ጋሼ አዳመጠ። እንዳወቀው ከፊቱ አየሁ፤ ከንፈሩ ቃሉን ሊያወጣ ተከፈተ። ከዚያ ዘጋውና ወደ ሙላት ዞረ።

"አንተም ትሰማዋለህ?" አለው። "ከታች በኩል የሚያንኳኳ።"

ሙላት አልቀለደም። "አዎ ዶክተር" አለ፤ "እሰማዋለሁ።"

ሙላት ምንም እንደማይሰማ እኔም ራሱ ሙላትም እናውቃለን። ወንድሜ ከጠበሉ ከተመለሰ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ ሙላት በኋላ ነገረኝ፤ ጋሼ ምስክር ካላገኘ አይናገርም፣ ሙላት ደግሞ ይመሰክርለታል። ያ ሁሉ ቀልድ የት እንደደረሰ ያኔ ገባኝ። እኔ የሰበርኩትን ሰው ሙላት በየቀኑ ደግፎ ሲያቆመው ኖሯል፣ ማን እንደሰበረው እንኳ ሳያውቅ።

ስለዚህ ለእርስዎ የምናገረው ፍርድዎን ለማቅለል አይደለም። መውደዴ ማስተሰረያ አይሆነኝም። የምወደውን ሰው በማይፈትሸኝ ቦታ ላይ ነው የመታሁት። አደራ በላሁ፤ መኪናዋ ላይ የበላሁት በአንድ ቀን ተፈትቶ ወጥቷል፣ ጆሮው ላይ የበላሁት ግን እስካሁን አልወጣም።

ነገ እሁድ ነው። ከቅዳሴ መልስ አነሳዋለሁ። እንደ ልማዳችን ሞተሩ ሳይነሳ "የዚህን ሳምንት አንብብ" ይለኛል። የማነብለት ይህን ነው። ከርዕሱ ጀምሬ፣ ምንም ሳልዘል። ኮፈኑን አስቀድሜ ከፍቼ እተወዋለሁ። የስለቱ ነገር እንዴት እንደሚሆንበት አላውቅም። ከመኪናዋ ወርዶ በእጁ አጥር እየዳሰሰ ወደ ቤቱ ቢመለስ፣ እከተለዋለሁ እንጂ አልይዘውም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ አውቃለሁ። እዚህ መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰበራል። ለመደበቅ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ እሱ ግን አንገቱን ዘንበል ያደርጋል።

ጋሼ፣ ማንንም አትጠይቅ። ልክ ነው የሰማኸው።