የእህቴ ኩላሊት በእኔ ሆድ

ታላቅ እህቴ አንድ ኩላሊቷን ከሰጠችኝ ወዲህ ስትደውልልኝ «እንዴት አደርክ?» ማለት ትታለች። «እንዴት አደረ?» ነው የምትለው። እኔ ቢቸና ሒሳብ አስተምራለሁ፤ እሷ ሞጣ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። አዲስ አበባ ቀዶ ጥገናው ተደርጎልን እኔ ገና ሳቃስት፣ እሷ ቀድማኝ ተነስታ የክፍሉን በሽተኛ ሁሉ ታዝ ነበር። ከኩላሊቷ ይልቅ ምላሷን ቢቀንሱላት ኖሮ ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ አስጠንቅቆናል። ሰውነቴ የእህቴን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው በየቀኑ የምውጠው ክኒን፣ የሰውነቴን ዘበኞች በሙሉ ያስተኛል። ስለዚህ ኢንፌክሽን ቢገባብኝ ትኩሳት ላይታይ ይችላል፤ ቶሎ የሚያጋልጠው የደም ምርመራ ነው። እኔ ራሴን ነቅንቄ ረሳሁት። እሷ አልረሳችም።

ለጥምቀት ሞጣ ሄድኩ። ምሳ ቀርቦ ሁለት ጉርሻ እንደበላሁ እህቴ እጇን ከትሪው አነሳች።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም።»

«ወጡ ጨው በዝቶበታል። እኔ ራሴ መዋጥ አቅቶኛል። አንተ ግን አንድ ቃል አልተናገርክም።»

«በዓል ነው ብዬ ነው።»

«በዓል መቼ አፍህን ይዞት ያውቃል?»

እርግጥ ደክሞኝ ነበር። የመንገድ ድካም ነው ብዬ ንቄው ነበር እንጂ። እሷ ነጠላዋን ለብሳ እንደ በሬ እየነዳች ሆስፒታል ወሰደችኝ።

ተረኛዋ ከጅማ ተመድባ የመጣች ወጣት ዶክተር ናት። ሙቀቴን ለካች፤ ደህና። ግፊቴን ለካች፤ ደህና። እኔም እህቴን የፈተና ውጤት እንደሚነግር መምህር አየኋት።

«አየሽ እታለም? በዓሉን በከንቱ አበላሸሽው።»

እሷ ወደ ዶክተሯ ዞረች። «ዶክተር፣ ይሄ ሰው ኩላሊቱ የተቀየረ ነው። ትኩሳት ላያሳይ ይችላል ተብለናል። ደሙን ይዩልኝ።»

የዶክተሯ ፊት ተለወጠ። «ይሄማ መጀመሪያ ነበር መነገር ያለበት» አለችና ወዲያው ደሜን አስቀዳች።

ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ይዛ አጠገባችን ተቀመጠች። «ሲአርፒ የሚባለው በጣም ጨምሯል። ሰውነት ውስጥ የሆነ ቦታ ሲቆጣ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። የኩላሊቱ ሥራም ትንሽ ቀንሷል። ምክንያቱን ግን ይሄ ብቻውን አይነግረንም። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ሰውነታቸው ኩላሊቱን እየገፋው ሊሆንም ይችላል።»

እህቴ ቀና አለች። «እየገፋው? የእኔን ኩላሊት?»

«ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፣ እትዬ።»

«አንተ ውለታ ቢስ» አለችኝ።

መሳቅ የቻልነው እስከዚያ ድረስ ነው። ዶክተሯ አዲስ አበባ ካለው ሐኪሜ ጋር በስልክ ተነጋግራ ስትመለስ ጉዳዩን አስረዳችን። የሁለቱ መድኃኒት ተቃራኒ ነው። ሰውነቴ ኩላሊቱን እየገፋ ከሆነ ዘበኞቹ የባሰ መተኛት አለባቸው፤ ኢንፌክሽን ከሆነ ግን እነሱን ማስተኛት ለሌባ በር መክፈት ነው። ለመለየት የሚረዳው ፕሮካልሲቶኒን የሚሉት ሌላ የደም ምርመራ ሲሆን፣ እሱ በተለይ በባክቴሪያ ጊዜ ይጨምራል። ሞጣ ላይ አይሠራም። ስለዚህ የባክቴሪያው መድኃኒት ሳይዘገይ በደም ሥሬ ተጀመረልኝና፣ ደሜ በበረዶ ሳጥን ባሕር ዳር ሄደ። መንገዱ በዚያ ቀን ክፍት መሆኑ ዕድሌ ነው። ሰው ሁሉ ታቦት ሲያጅብ ደሜ ባሕር ዳር ሲዝናና እኔ አልጋ ላይ ቀረሁ።

እህቴ ከጎኔ ተቀምጣ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ነው የፈራሁት።

«እታለም፣ ኩላሊቱ ቢበላሽ ታዝኚብኛለሽ?»

«ሌላ የምሰጥህ የለኝም እኮ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስታለቅስ ሰው እንዲያያት አትወድም። ስለዚህ አላየሁም።

በማግስቱ ከሰዓት ውጤቱ በስልክ መጣ። ፕሮካልሲቶኒኑ ከፍ ብሏል። የሽንት ምርመራውም መነሻውን አሳየ፤ ባክቴሪያው የገባው በሽንት ቧንቧዬ ነው። ሐኪሞቹ ክኒኔን ለጊዜው ቀነሱልኝ፤ መርፌው ቀጠለ። ደሜ እየተደጋገመ ሲታይ ሲአርፒው ወረደ፤ የኩላሊቱም ሥራ ተመለሰ።

«የእኔ ዕቃ መች ይገፋል» አለች እህቴ።

ከሆስፒታል ስወጣ ካላደረስኩህ ብላ አብራኝ ተሳፈረች። ደብረ ወርቅ ስንደርስ መኪናው ውስጥ ስለ ሽንቴ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ቄስ አዝነው ዳማከሴ ጨምቄ እንድጠጣ መከሩኝ።

«ዶክተሯን ሳንጠይቅ ምንም አይቀምስም፣ አባ» አለቻቸው። እሳቸውም «ደግ» ብለው፣ የራሳቸውን ወገብ ሕመም ይነግሯት ጀመር።