በእንግሊዝኛ ብቻ የሚታወቅ ሕመም

«የእህትዎ ልጅ የአእምሮ ችግር ሳይኖርባት አይቀርም። ሐኪም ያሳዩአት።»

ዛሬ ጠዋት ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት አስጠርቶኝ ርዕሰ መምህሩ እንዲህ አሉኝ። ልጅቷ ከደቅ ደሴት መጥታ እኔ ዘንድ መኖር የጀመረች ዘንድሮ ነው።

«በምን አወቃችሁ?» አልኋቸው።

«ሰሌዳው ላይ ያለውን አንብቢ ስትባል ዝም ትላለች። ለምን አታነቢም ብለን በእንግሊዝኛ ስንጠይቃትም ዝም!»

ይህን ሁሉ ያስረዱኝ በአማርኛ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

«በአማርኛስ ጠይቃችኋታል?» ብላቸው እንደ ስድብ ቆጠሩት። ለካ በግቢው አማርኛ ክልክል ነው። አምልጦት የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ ካርቶን አንጠልጥሎ ይውላል።

ልጅቷን አስጠርቼ እዚያው ፊታቸው ጠየቅኋት። «እሙዬ፣ ለምንድን ነው የማታነቢው?»

መጀመሪያ እሳቸውን በፍርሃት አየቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አክስቴ፣ ሰሌዳው አይታየኝም። ፊት ስቀመጥ ትንሽ ትንሽ ይታየኝ ነበር። ሰነፍ ነሽ ብለው ኋላ ወንበር አስቀመጡኝ» አለች።

እንግዲህ የሌለባትን ሕመም አገኙላት፤ ያለባትን ደግሞ ኋላ ወንበር ወስደው አባባሱላት። የእሷ ዓይን መነጽር ሊበቃው ይችላል። የእነሱን ግን የትኛው ሐኪም እንደሚያየው እንጃ።

አፍረው ዝም ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ርዕሰ መምህሩ ወደ ልጅቷ ዞረው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ታዲያ እንደማይታይሽ በእንግሊዝኛ ብትነግሪን ምን ነበረበት?»

እናንተስ፣ ልጆቻችሁ ምን ሕመም አለባቸው ተባላችሁ? በአማርኛ ጻፉልኝ፤ እዚህ ካርቶን የለም።